ነጠላ የደረበው ኮምፒውተር

ዘጠና አንድ ፐርሰንት ላይ ቆመ። ልቤም አብሮት።

ዛሬ፣ ሐዋሳ ታቦር ባለው ትምህርት ቤታችን፣ የተማሪዎች ውጤት ሁሉ ያለበትን የአሮጌውን ኮምፒውተር ፋይል እንዳለ በኔትወርክ ወደ መዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነበር። አሮጌው ማቃሰት ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ሌላ ቅጂ የለንም፤ እሱ ካረፈ የልጆቹ ትራንስክሪፕት አብሮት ይቀበራል።

ወደ መዝገብ ቤት በረርኩ። ከፍቼው የሄድኩት መስኮት ጥርቅም ብሏል። ተቀባዩ ኮምፒውተር በመዝገብ ቤት ሠራተኛችን በእትዬ አስካለ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ግሎ፣ ጠፍቷል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉት?»

«ቁና ቁና ሲተነፍስ ብርድ መታው ብዬ ነዋ! አንተን ብሎ ባለሙያ! የታመመ ነገር መስኮት ተከፍቶበት ይተኛል?»

(በሐዋሳ ሙቀት ብርድ የመታው የመጀመሪያው ፍጡር መሆኑ ይመዝገብልን።)

ይህን ስጽፍ ከዜሮ ተነስተን አሥራ ሁለት ፐርሰንት ደርሰናል። እኔ አሮጌው አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። እትዬ ከወዲያኛው ክፍል ተቀባዩን በክላሰር እያራገቡ በየደቂቃው ይጣራሉ፦ «እንዴት ነው፣ ነጠላዬን ለለቅሶ ላዘቅዝቀው?»

እናንተ ጋስ ለታመመ ማሽን ምን ዓይነት ሕክምና ተደረገለት? ቶሎ ጻፉልኝ፤ አሁንም አሥራ ሁለት ላይ ነን።