በሐሰት የማልኩባት ልጅ

የእህቴ ልጅ ኢክራም አንድ ጥያቄ ከያዘች አትለቅም። ከደሴ በዲቪ ስትመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አውሮፕላኑ ውስጥ «እዚያ ስንደርስ የማን ሰው እንሆናለን?» ብላ ጠየቀች አሉ። እናቷ ኡሙሰልማ «የአላህ» አለቻት። ልጅቷ ግን መልሱ አላጠገባትም።

አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ተማሪ ሳለች በአዘቦት ቀን ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ትማር ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ሜዲካል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ካለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፋች ከፎቅ ፎቅ ታመላልስ ነበር። ቀጭን ናት፤ መቀመጥ አታውቅም። እህቴ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች፣ ኦቨርታይም እየሠራች ነው ያሳደገቻት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ማይነር ያዢ ተባለች። ማይነር ከዋናው ትምህርት ጎን የሚያዝ ትንሽ ትምህርት ነው። የሰው ልጅ ቢዝነስ ይይዛል፣ ሳይኮሎጂ ይይዛል። የእኛዋ የአይሁድ ታሪክ፣ አስተሳሰብና ባህል ያዘች። ኧረ ጉድ!

«ምን ሊያደርግልሽ?» አልኳት።

«አክስቴ፣ እነዚህ ሰዎች ሁለት ሺህ ዓመት በየሀገሩ ተበትነው እንኳን ራሳቸውን አልረሱም። እኛ እዚህ ሃያ ዓመት አልሞላንም፣ እኔ አማርኛ በቅጡ አላነብም። እንዴት እንዳደረጉት ማወቅ አለብኝ።»

ያኔ ልብ ብዬ ብሰማት ኖሮ! እኔ ሃዲያ የምባለው ግን ጆሮዬ ትንሽ ነው፤ አፌ ነው ትልቁ።

አንድ ዓርብ ማምሻውን ከሺፍቴ ወጥቼ ስነዳ ቀይ መብራት አስቆመኝ። ከማዶ ካለው ምኩራብ ሰው ይወጣል። መሀላቸው ኢክራም! ያን ቀን እናቷን «ክላስ አለኝ» ብላ መስጊድ የቀረችው ልጅ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ መጽሐፍ በእጇ ይዛ፣ ከአንዲት አሮጊት ጋር ትሳሳቃለች። ፓርክ አድርጌ ብጠይቃት ምን ነበረበት? የለም። ቤቴ እንኳ ሳልደርስ ለእህቴ ደወልኩ።

«እታለም፣ ልጅሽ ሃይማኖቷን ለውጣለች።»

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«ወላሂ! እንደ እነሱ ስትሰግድ አይቻለሁ።»

ስትሰግድ አላየሁም። ያየኋት በር ላይ ነው። ነገሬ ክብደት እንዲያገኝ ብዬ ማልኩ።

እኛ ዘንድ ወላሂ ከተባለ ወዲያ ማስረጃ አይጠየቅም። ኢክራም አለቀሰች፤ ክላሱ በሙሉ ምኩራብ ጎብኝቶ ያየውን እንዲጽፍ ታዞ ነው ብላ አስረዳች፤ የመምህሯን ኢሜይል ከስልኳ አውጥታ አሳየች። እህቴ «ሃዲያ ምላለች» አለች፤ በቃ። ልጅቷ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

በሳምንቱ እኔ ዘንድ መጣች። የጻፈችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ገና ከመጀመሪያው «እኔ ሙስሊም ነኝ» ይላል።

«አክስቴ፣ ስሰግድ አይተሽኛል?»

ወረቀቱን አጣጥፌ መለስኩላት።

«እባክሽ ለእናቴ ንገሪያት።»

«እሺ» አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። በአላህ ስም የማልኩትን ውሸት ነበር ማለት አፈርኩ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል አሥራ አንድ ወር አለፈ።

ከዚያ እህቴ ጉበቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ኢክራም የምትሠራበት ሆስፒታል ተኛች። «ልጥራልሽ?» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ነርሶቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ኢክራም እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳት እየመጣች በሩ ላይ ትቆም ነበር። እንድትገባ ቢለምኗትም አትገባም፤ ነቅታ ብታየኝ ትናደዳለች ትላለች።

አንድ ከሰዓት እህቴ እጄን ያዘች። «ኑዛዜዬን ስሚ። ስሞት ኢክራም እንዳታጥበኝ።»

ከዚህ በላይ ምን አለ! እናቷን አጥባ መሸኘት ለሴት ልጅ የመጨረሻው ወግ ነው። ያኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ነርስ ገባችና መልሼ ዘጋሁት። በነርሷ አመካኘሁ እንጂ አፌን የዘጋው ፍርሃቴ ነው። ማክሰኞ ቆርጬ ስሄድ እህቴ መስማት አቁማለች። ረቡዕ ጠዋት ሞተች፤ አላህ ይዘንላት።

ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊዱ ውስጥ ወዳለው የጀናዛ ማጠቢያ ክፍል ገባን። የሴት ጀናዛ የምታጥብልን ሐናን ናት። ውሃው ተዘጋጅቷል፣ ነጩ ከፈን ተዘርግቷል። ኢክራም እጅጌዋን ሰብስባ በሩ ላይ ቆማለች።

«ልጄ፣ ኑዛዜ አለ ተብሏል» አለቻት ሐናን በለሆሳስ።

ትከራከራለች ያልኳት ልጅ አልተከራከረችም። «ኑዛዜ ይከበራል» አለችና ዞራ መውጣት ጀመረች።

«ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ።

በአራት ሴቶች ፊት፣ እህቴ ተጋድማ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። በር ላይ ነው ያየኋት፤ ስትሰግድ አላየሁም፤ ወላሂ ያልኩት ውሸት ነው፤ እናት ልጇን የከለከለችው በእኔ አፍ ነው። አንዷ «አስተግፊሩላህ!» አለች። አንዷ ፊቷን ሸፈነች።

«ኑዛዜው ውሸት ላይ የቆመ ነው» አለች ሐናን። «ልጅቷ ትግባ። አንቺ ውሃ ታቀብያለሽ።»

ኢክራም እናቷን ከቀኝ ጎኗ ጀምራ አጠበች። ሸፋኙን ጨርቅ ሳታነሳ፣ እጇን ከሥር እያስገባች፣ ቀስ ብላ። እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። የመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር የሚባለውን ሽቶ ከጨመረች በኋላ ቀና ብላ ሐናንን አየቻት።

«ክላስ ያነበብኩት ነገር አለ» አለች። «የአይሁድ ሴቶችም ሟች እንዲህ ነው የሚያጥቡት፤ ሸፍነው፣ ወሬ ሳያወሩ። ሲጨርሱ ግን ሟቿን በስሟ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቋታል። ያጎደልንብሽ ካለ ይላሉ።»

«አውፍ በሉኝ ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ለማንም ክፉ አይደለም» አለች ሐናን።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ተንበረከክሁ። «ኡሙሰልማ፣ የእናቴ ልጅ፣ አውፍ በይኝ» አልኩ። የምትመልስ እህት የለችኝም። ወደ ኢክራም ዞርኩ።

«አንቺም ልጄ፣ አውፍ በይኝ።»

«ውሃውን አቀብይኝ አክስቴ» አለችኝ።

አቀበልኳት።

በግንቦት ሁለቱንም ትምህርት ጨርሳ ተመረቀች። ሐናን በጠራቻት ቁጥር ሄዳ ጀናዛ ታጥባለች፤ እኔም አብሬያት ሄጄ አቀብላታለሁ። እስከ ዛሬ አውፍ አላለችኝም።