ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ ሃያ የአጋም ችግኝ ይዤ

ንጋት፣ ቢሾፍቱ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። አባቴ አትክልተኛ ነበር፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሥራውን ትቷል። ዛሬ ግን ዱላውን ይዞ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኝ።

በቅርጫቴ ሃያ የአጋም ችግኝ አለ። ጠቁሮ ከበሰለው ፍሬ ዘሩን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ብዙ ሳይደርቅ ጥላ ሥር ዘርቼ ያፈላኋቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ከነአፈሩ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል። አባቴ ይሠራላቸው የነበሩት፣ አዳማ ያሉት አቶ ቱሉ ለአትክልት ቦታቸው የአጋም አጥር ይፈልጋሉ። «በደህና ከደረሰ በአባትሽ ፋንታ አንቺን እቀጥራለሁ፤ ከደረቀ ወንድ እፈልጋለሁ» ብለው መልእክት ልከውልኛል።

«አፍ አውጥተሽ ተናገሪ» አለኝ አባቴ። «ችግኝ አፍ የለውም።»

ሁለት ሰዓት ግድም፣ ባቡር ውስጥ

ሦስተኛ ማዕረግ ነው። የእንጨት አግዳሚ፣ የበርበሬ ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። ፊት ለፊቴ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ወሎዬ ነጋዴ ፍየላቸውን በገመድ ይዘው ያንቀላፋሉ። ፍየሏ ቅርጫቴን ታሸታለች። «ገመዱን ያሳጥሩልኝ» ልል ፈለግሁ፤ የተኛ ሰው መቀስቀስ ግን አሳፈረኝ። ነጠላዬን ችግኙ ላይ ጣል አደረግሁ።

ሞጆ

ባቡሩ ቆመ። ለችግኙ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ፍየሏ ነጠላዬን ገልጣ ኮባውን ትበላለች። የስምንት ችግኞች አፈር ወለሉ ላይ ፈሷል፤ ሥራቸው ራቁቱን ቀርቷል።

«ፍየል ሊከለክል የተዘራ አጥር በፍየል ተበላ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይያዙልኝ! ሥሩ ከደረቀ አለቀልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ዘሀራ ብንን አሉ። «ወይ አላህ! ምነው ልጄ፣ ቀደም ብለሽ ብትቀሰቅሺኝ?»

 አፈሩን በውሃው አቡክቼ ሥሮቹን ጭቃ ቀባሁ። እሳቸው ባዶ ጆንያ ቀደዱልኝ፤ አርጥበን ጠቀለልናቸው። እስከ አዳማ ድረስ ጆንያውን ከጉልበቴ አላወረድኩም።

አምስት ሰዓት፣ አዳማ

አቧራና ሙቀት። አቶ ቱሉ የአትክልት ቦታቸው በር ላይ ቆመዋል። «ኮቱ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ነይ ልጄ። ምንድነው ይሄ ጭቃ?»

ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አንዱን ችግኝ አነሱ፤ ጭቃውን በውሃ አጠቡት። ሥሩ ነጭ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወርዷል።

«አምና ያመጡልኝ በቆርቆሮ ያደገ ነበር። ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ሁሉም ደረቀ። ይሄ እንዴት ቀና?»

«ያደገው በኮባ ውስጥ ነው፤ ኮባው ከታች ክፍት ነው። ሥሩ መውረጃ ያገኛል።»

«ፍየሏስ?»

«ወደ አዋሽ ሄደች፤ ጠግባ።»

ሳቁና ዶማ አነሱ። «በይ እንትከለው።»

«አሁን አይሆንም» አልኩ። «ፀሐዩ ይገድለዋል። እስኪበርድ ጥላ ሥር ይቆይ።»

አቶ ቱሉ አዩኝ። ከዚያ ዶማውን በሩ ላይ አስደገፉት።

«እሺ» አሉ፤ «አትክልተኛዋ አንቺ ነሽ።»