አባቴ የመረጠው ሞላ

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ለመኪናው የፊት ሞላ ሊገዛ ሲሄድ እኔን ያስከተለኝ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንዳነብለት ነው። እንግሊዝኛዬ ያው ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልክ የለቃቀምኩት ነበር፤ ትምህርቱን እናቴን ላስታምም ብዬ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቀጨኔ ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

መኪናችን ፎር ዊል ናት። ግማሽ ዕድሜዋን አስፋልት ላይ፣ ግማሹን መንገድ ብሎ መጥራት በሚያሳፍር ቦታ ነው ያሳለፈችው። የሚከራዩን የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩና መሬት የሚለኩ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ እየነዳ መስክ ያደርሳቸዋል። ያን ሰሞን የፊት ሞላዋ ደክሞ አፍንጫዋን ደፍታ ነበር የምትሄደው። ፍሬን ሲይዝባት ትሰግዳለች። ጉድባ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከቤት ሆኜ የምሰማው ይመስለኛል።

ችግሩ መኪናዋ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ከወር በፊት አባቴን ሆስፒታል ወስጄው ሐኪሙ የወገቡ ዲስክ መንሸራተቱን ነግሮናል። ለስድስት ወር እንዳይነዳ፣ የግድ ከሆነም በማይንጥ መኪና በአስፋልት ብቻ እንዲሄድ አስጠንቅቆታል። አባቴ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማው፤ ከግቢው ስንወጣ ግን «ይኼ ልጅ መኪና ነድቶ ያውቃል?» አለኝ። ሕመሙን ከእኔ በቀር ማንም እንዳያውቅ ፈለገ። ሥራ የሚገኘው ጋራዥ ነዋ። መኪና ተከራዩ መጥቶ «ማን ባዶ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው እዚያ የተቀመጡትን ሹፌሮች ነው። ወገቡ ሄዷል የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ፣ በቃ፣ ስልኩ አይጮህም።

የዚያን ቀን ጠዋት ከበር ሳንወጣ እጄን ያዘኝ።

«በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ። እዚያ ስለ ወገቤ ትንፍሽ እንዳትይ።»

«እሺ። ግን የማይንጠውን ትገዛለህ?»

«እናያለን።»

እኔም «እናያለን»ን አምኜ ተከተልኩት።

ጋራዡ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ነው። መካኒኩ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን ከሥራው የማያነሳ ሰው ነው። ሁለት ካርቶን አምጥቶ ፊታችን አስቀመጠና እኔ አነበብኩ። አንደኛው መካከለኛ ሞላ ነው፤ ፊቷ ላይ ተጨማሪ ክብደት ለሌላት፣ ከተማም መስክም ለምትሄድ መኪና። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ የብረት መከላከያና መጎተቻ ዊንች ሁልጊዜ ተሸክማ ለምትኖር። እንዲህ ግልጥ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። በልቤ «ተመስገን፣ ካርቶኑ ራሱ ተናገረልኝ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ፊቷ ላይ ብረት ሊያስሩ ነው? ዊንች ምናምን?» አለ መካኒኩ።

«አስራለሁ» አለ አባቴ።

ዞር ብዬ አየሁት። ስለ ዊንች በቤታችን ተወርቶ አያውቅም።

«መቼ?»

«አስራለሁ አልኩህ እኮ።»

«ካላሰሩ ይኼ ከባዱ አይጨመቅልዎትም። ፊቷ ሽቅብ ይቆምና እያንዳንዷ ጠጠር ወደ ላይ ትመጣለች። መጨረሻ ላይ የሚጨመቀው የሹፌሩ ወገብ ነው።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሹፌሮች ሳቁ። ኮፍያ ያደረገው አንዱ፣ አባቴ ሥራ ባጣ ቁጥር ያንኑ ሥራ የሚያገኘው ሰውዬ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጋሼ፣ ለስላሳውን ይውሰዱ እንጂ! ትራስም እንጨምርልዎ?»

«ትራሱን ለራስህ ያዘው» አለ አባቴ። «ከመስክ በተመለስክ ቁጥር ሳምንት ሙሉ ስታቃስት ሰፈርህ አይተኛም አሉ። የኔ ወገብ ሐዲድ ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ኮፍያ ያደረገውም ሳቀ። አባቴ ራሱ ሳቀ፤ በሳቁ መሐል ግን ግራ እጁን መኪናዋ ላይ ተክሎ ክብደቱን እንዳሳረፈባት እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

«አባዬ፣ መካከለኛው ለሁለቱም መንገድ ይሆናል ይላል እኮ። እዚህ ጋ ተጽፏል፣ ልድገምልህ?»

«ሰምቻለሁ» አለኝ ሳያየኝ። ከዚያ ለመካኒኩ፣ «ከባዱን እሰረው።»

መካኒኩ አንድ ጊዜ ቀና ሲል ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት። እባክህ አንተ እንቢ በል፣ የለም በል፣ ተሽጧል በል ማለቴ ነበር። እሱ ግን መቆም የደከመኝ መስሎት በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝ። አመስግኜ ቁጭ አልኩ። አሮጌው ሞላ ሲወጣ፣ ከባዱ ሲገባ፣ ንዝረት አብራጁ ሾክ ሲታሰር፣ እናቴን በአፈር ውስጥ እያሰብኩ አፌን ዘግቼ አየሁ።

መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ ፊቷ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ሹፌሮቹ ዙሪያዋን ዞረው አደነቁ። አባቴ ሲገባ ሱሪውን የሚያስተካክል መስሎ ግራ እግሩን በእጁ አንስቶ አስገባው።

እስከ አስፋልቱ ጫፍ ደህና ነበርን። የቀጨኔ ዳገት ጋ ኮብልስቶኑ ሲጀምር መኪናዋ ድንጋዩን አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። መሪውን የጨበጠበት ጣቱ ነጣ።

«አየሻት? ቀጥ አለች እኮ!»

«አየኋት።»

«ድሮ እዚህ ጋ ትሰግድ ነበር።»

«አዎ፣ ትሰግድ ነበር» አልኩት። 

በሦስተኛው ቀን ለመስክ ሥራ ሲወጣ ጋቢ አጥፌ መቀመጫው ላይ አደረግኩለት። አንስቶ ወደ ኋላ ወረወረው። «ሰዎቹ ያዩታል» አለኝ። ስምንት ቀን ቆየ። በየቀኑ እደውላለሁ። «መንገዱ ቆንጆ ነው» ይለኛል፤ ከኋላው የመኪናዋ መንገጫገጭ ይሰማኛል፤ በእያንዳንዱ መንገጫገጭ ቃሉ መሐል ላይ ይቆረጥና እንደገና ይቀጥላል። ስልኩን እዘጋለሁ። ለማን ልንገር?

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክላክስ ሰማሁና በሩን ከፈትኩ። መኪናዋ ደጃፋችን ቆማለች፤ አባቴ አይወርድም። ሬዲዮ ከፍቷል።

«አባዬ፣ እንኳን ደህና መጣህ። አትወርድም?»

«ዜናውን ልጨርስ።»

የሚያወራው ስለ እግር ኳስ ነበር። አባቴ ኳስ አይወድም። ወደ መስኮቱ ስጠጋ በግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዝም በይ። ሰው ይለፍ።»

ሰው የት ያልፋል! የታችኛዋ ጎረቤታችን ከገበያ ስትመለስ ቆመች።

«እንዴ፣ መኪናዋ እንዴት ከፍ አለች! ጋሼ፣ መሰላል ሊገዙልን ነው?»

«ለአንቺማ ወንበር አስወጥቼ አወጣሻለሁ» አላት በመስኮት። ሳቀች። ስለ ሽንኩርት ተናገረች፣ ስለ ልጇ ፈተና ተናገረች፣ ስለ ውኃ መጥፋት ተናገረች። እሱ ለሁሉም መልስ ነበረው። እኔ የመኪናዋን እጀታ ይዤ ቆሜያለሁ። ከሄደች በኋላ ብብቱ ስር ገብቼ ላነሳው ሞከርኩ። እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ የጮኸውም ጥርሱን ነክሶ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ውኃ በኩባያ በመስኮት ሰጠሁት። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም፤ እንዲያ ሆነን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፤ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ በሩ ላይ።

በመጨረሻ ቤት ገብቼ አክስቴ ጋ ደወልኩ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ለአባቴ የገባሁትን ቃል ላለማፍረስ «እትዬ፣ ነይ» ብቻ አልኳት። ድምፄን ሰምታ ምን ሆነ ብላ እንኳን አልጠየቀችም።

ከሱቋ አጠገብ የሚሠሩ ሁለት ሸማኔዎች ይዛ መጣች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ አባቴ «እትዬ፣ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» አላት። «ዝም በል አንተ!» አለችው። ሸማኔዎቹ በጋቢ አቅፈው አስገቡት። ሐኪም ያለውንም የሞላውንም ነገር ሁሉ ከእሱ ከራሱ አፍ አወጣችው፤ እኔ ምንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ አክስቴ ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ አንስታ በሚኒባስ ጋራዡ ድረስ ሄደች። ለመካኒኩ ሹፌሮቹ ሁሉ እየሰሙ «ወንድሜ ወገቡን ታሟል፤ ከእንግዲህ አይነዳም። መኪናዋ ደጃፉ ቆማለች፤ ወስደህ ከባዱን አውጣና መካከለኛውን እሰርላት፤ የሚነዳልንም ሰው ፈልግ» አለችው። ቁልፉን እዚያው ትታ ተመለሰች። ከዚያ አባቴ ራስጌ ተቀመጠችና ያለችውን ሁሉ ለእሱም አንድ በአንድ ነገረችው።