የአያ ታከለ እሺታ

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሲቀድ ወጣን። መኪናው ውስጥ አራት ነን፤ ሾፌራችን ሙሐመድ፣ ጀርመናዊው ማርቲን፣ ኮሪያዊቷ ሚንጂ፣ አስተርጓሚዋ እኔ። ማርቲንና ሚንጂ የውኃ መሐንዲሶች ናቸው። ከደብረ ታቦር በላይ ላለች አንዲት መንደር ምንጭ ሊያጎለብቱ ነው የሚሄዱት።

ጠዋት፣ ሐሙሲት

የገበያ ቀን ነው። አህያ፣ የሽንኩርት ጆንያና ሚኒባስ መንገዱን ሞልተውታል። ማርቲን ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ለሁላችን ቆረሰ። ሙሐመድ እያኘከ አህዮቹ እስኪያልፉ ይጠብቃል።

ቀትር፣ መንደሯ

ከጉና ተራራ የሚመጣው ነፋስ ብርድ አለው። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ታከለ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከገብሱ ማሳ በላይ ካለው ምንጭ አጠገብ ተቀበሉን።

«እዚህ ብንቆፍር ይስማማሉ?» አለ ማርቲን። ተረጎምኩ።

«እሺ። እግዜር ካለ ምን ገዶ» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ማርቲን ደስ ብሎት ችካል ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። ሚንጂ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አልፈቀዱም።»

«እሺ አሉ እኮ።»

«አባቴም የማይፈልገውን ነገር እንዲህ ነው እሺ የሚለው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «እርስዎ ቢሆኑ የት ይቆፍሩ ነበር?» ስትል በእኔ በኩል ጠየቀቻቸው።

የአያ ታከለ ፊት ፈካ። ከማሳው ግርጌ በበጋም የማይደርቅ ሌላ ምንጭ አሳዩን። የላይኛው ለካ ሕመምተኛ የሚጠመቅበት ጸበል ኖሯል።

ማርቲን ችካሉን እንደያዘ ይህን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። «ለምን አልነገሩኝም? በእኛ አገር የልብን መደበቅ እንግዳን መናቅ ነው።»

«በእኛ ደግሞ ከሩቅ የመጣን እንግዳ እምቢ ማለት ነውር ነው። ይሉኝታ ያዘኝ» አሉ አያ ታከለ።

ይሉኝታ ምን እንደሆነ ለሚንጂ አስረዳኋት። «እኛም አለን» አለች። ቀጥላም፣ «እኔ ግን ለአባቴ እሺ እያልኩ ውስጤ የቀረ ብዙ ነገር አለ» አለች።

ይህንንም ተረጎምኩ። አያ ታከለ ወደ ማርቲን አዩና፣ «ሰውየውም ልክ ነው» አሉኝ።

ከሰዓት፣ አያ ታከለ ቤት

የታችኛውን ቦታ ለክተን ስንጨርስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበልን፤ ከጠላ ጋር። ልንነሳ ስንል ማርቲን፣ «ነገ ጠዋት እንጀምር?» አለ።

አያ ታከለ ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ነገ አይሆንም። ማርያም ናት። ከነገ ወዲያ ኑ።»

ማርቲን ሳልተረጉምለት ገባው። ሳቀ፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና በአማርኛ «አመሰግናለሁ» አላቸው። እሳቸውም ሳቁ።

ማታ፣ ደብረ ታቦር

ከተማዋ መብራቷን አብርታ ጠበቀችን። ነገ ሥራ የለንም፤ ያዘነ ግን ማንም የለም።