ዳሞታ ስር ያለው የሞተር መወዳደሪያችን

ቀባጠረ ነው የምትሉት? ሶዶ ውስጥ የሞተር መወዳደሪያ የለም? እሺ፣ ዳሞታ ተራራ ስር ያንን ቀይ ጥምዝ መንገድ ማን ሠራው፣ ጅብ?

እኔ ነኝ። እሺ፣ ከጓደኞቼ ጋር። ሐሳቡ ግን የኔ ነው!

በፊት የምንወዳደረው አስፋልት ላይ ነበር። ትራፊክ ሲመጣ በባጃጅና በሚኒባስ መሀል ተሹለክልከን እንበተናለን። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አልችልም፤ ወንበር ላይ ሆኜ እንኳን እግሬ ማርሽ ይቀይራል። አጎቴን ያዝኳቸው።

"ያን ዳሞታ ስር ያለውን ባዶ መሬትዎን ይስጡኝ።"

"ጎደሬ ልተክልበት ነው።"

"ጎደሬ ማን ሊያይ ይመጣል? ለውድድር ግን አገር ይመጣል!"

"እሺ ሥሩ፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል መጥቼ አያለሁ" አሉ። "ሞተር ከወደቀ ጎደሬዬን እተክላለሁ።"

ደቦ ጠራን። የሠፈራችን ልጆች ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የኖሩ ናቸው። የለመዱት መሀሉን አሳብጦ ውሃውን ግራና ቀኝ ማፍሰስ ነው፤ ኩርባውንም እንደዛው አሳበጡት። ቀስ ብለህ ስትሄድ ምንም አይልም። በፍጥነት ስትታጠፍ ግን የውጪው ጎን ወደ ውጪ ስላዘነበለ አንስቶ ይወረውርሃል። ተራ በተራ የጎረቤት እንሰት ውስጥ ገባን። እኔ ብቻ በስታይል ገባሁ።

"አፍርሱት!" አልኩ። "የውጪው ጠርዝ ከፍ፣ የውስጡ ዝቅ ይበል!"

"ውሃው ውስጡ ይተኛላ፣ ጀለስ!" አለኝ አንዱ አንጣፊ።

እውነቱን ነው፤ ያ ቀይ አፈር ውሃ ከጠጣ ሳሙና ነው። በውስጡ ጠርዝ ቦይ ቆፍረን ድንጋይ ሞላንበት። መንገዱን ቀይ አሽ፣ ያን ውሃ የማይዝ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አለበስነው፤ ውሃ የሞላ በርሜል እያንከባለልን ጠቀጠቅነው። ከዛ ዝናብ መጠበቅ። ደመና ባየሁ ቁጥር ሞተሬ ላይ እወጣለሁ፤ ምግብ እንኳን ቆሜ ነው የምበላው።

ዘነበ። አጎቴ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ ሠፈሩም ሊያይ ወጣ። ሞተሬን አስነሳሁ።

"ቆይ" አሉ። "አንተ ወድቀህም አልወደቅኩም ትላለህ። ከኋላህ እቀመጣለሁ።"

ተቀመጡ። ኩርባው ጋ ስደርስ ፍሬን አልነካሁም። ጃንጥላቸው ተገለበጠ፣ ጎኔን ጨምድደው ያዙኝ፣ ሞተሩ ግን መሬቱን እንደ መዥገር ነክሶ ዞረ። አቆምኩና "ይውረዱ" አልኳቸው። ንቅንቅ የለም።

"አጎቴ፣ ታመሙ እንዴ?"

"ድገመው" አሉ። "አሁን ደግሞ ዓይኔን ገልጬ ልየው።"

ጎደሬያቸውን ጓሯቸው ተከሉት። መሬቱ ዛሬም የኛ መወዳደሪያ ነው። አሁንም ውሸት ነው የምትል ካለህ ዳሞታ ስር ውረድና በዛ ዝናብ ቆመው ካዩት ሰዎች ደስ ያለህን ጠይቅ!