ሠላሳ አንድ ፓስወርድ በአንድ ደብተር

ከተመረቅኩ ገና ወር አልሞላኝም። ስለዚህ አሁን ብናገር የሚቀነስብኝ ማርክ የለም።

በመጨረሻው ዓመታችን ግቢያችን ኢ-ለርኒንግ አስገባ፤ ትምህርት በቪዲዮ የሚጫንበት፣ አሳይመንት የሚገባበት፣ ውጤት የሚታይበት ድረ ገጽ። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር የለኝም። መምህሩ ሲንዛዛ አፈጥነዋለሁ፣ ካልገባኝ መልሼ አስደግመዋለሁ፣ ሲደብረኝ አስቁሜው ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። ክፍል ውስጥ ይሄን ማድረግ ብችል በሁለት ዓመት እመረቅ ነበር። ደግሞ የቦንጋ ዝናብ! ድሮ ወረቀት ይዘን ከዶርም እስከ ቢሮ ስንሮጥ ግማሹ ቀለም መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ጉዱ ያለው እኛ ጋ ነው። እኔ የክፍሉ ተወካይ ነበርኩ። በወረቀቱ ጊዜ ተወካይ ማለት የሁሉንም አሳይመንት ሰብስቦ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ የሚያደርስ ሰው ነው። ወረቀቱ ቀረ፣ ልማዱ አልቀረም። ልጆቹ ፋይላቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ ፓስወርዳቸውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ኔትወርክ ደህና በሚይዝበት ከላይብረሪው ጀርባ ቁጭ ብዬ በየስማቸው እየገባሁ አስገባላቸዋለሁ። እኔን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ሰው። ማንም «ይሄ ነገር ልክ ነው?» ያለ የለም። እንዲያውም «ተባረኪ!» ነበር የሚሉኝ።

የመጨረሻው ጥናት ደረሰ። የኔ ስለ ባጃጅ ተራ አጠባበቅ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ መናኸሪያ ቆሜ ከተራ አስከባሪዎች ጋር ተጨቃጭቄ የጻፍኩት። የዶርም ጓደኛዬ ስለ ገጠር መንደሯ፣ ስለ ማንኪራ ማር ጻፈችና ፋይሏን ልካልኝ ቤተሰቦቿን ቡና ለቀማ ልታግዝ ወደዚያው ማንኪራ ሄደች። የሷ ፋይል ስም «ፋይናል ፋይናል»። የኔም «ፋይናል ፋይናል»። ችኩል ነኝ አላልኳችሁም? መጀመሪያ በሷ ስም ገባሁና የኔን ባጃጅ ጫንኩላት። ቀጥዬ በራሴ ስም ያንኑ ባጃጅ ጫንኩ። ከዚያ ደብተሬን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ውጤቴን ከፈትኩ። ዜሮ። ከሥሩ «ሙሉ በሙሉ ከሌላ ተማሪ የተገለበጠ» ይላል። የራሴን ጥናት ከራሴ ሰርቄ ተያዝኩ! ማሽኑ መጀመሪያ ያስገባውን ነው የሚያምነው፤ መጀመሪያ ያስገባችው ደግሞ ጓደኛዬ ናት። በዚያ ጥናት ከወደቅኩ ምርቃት የለም። እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ፣ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ ጨርሳለች።

ድሮ ቢሆን ቢሮ በር ላይ ቆመህ ትለምናለህ፣ መምህሩ ይራራል። ኢ-ለርኒንጉ ይሉኝታ የለውም። የምትለምነው ፊት የለውም። እኔ ግን መምህሩ ጋ ሮጥኩ።

«ጓደኛሽን ይዘሽ ነገ ጠዋት ነይ። ሁለታችሁንም እጠይቃለሁ» አሉኝ።

ስደውልላት መንደሯ ኔትወርክ የለም። ወደ ማንኪራ ሞተር እስከቻለው ድረስ ወሰደኝ፣ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት። ጓደኛዬ ቡና መልቀሚያ ቅርጫቷን እንደያዘች አየችኝ።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ በጭቃ የተለወስሽው?»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ ባጃጅ ምርጥ ጥናት ጽፈሻል።»

እናቷ በካፊኛ የሆነ ነገር አሏትና ጓደኛዬ በሳቅ ፈረሰች። «ምን አሉ?» አልኳት።

«‹በኢንተርኔት ነው የምንማረው ስትሉን አልነበር? ታዲያ ይቺ ልጅ ለምን በእግሯ መጣች?› እያለች ነው።»

ጭቃዬን እያራገፍኩ ነገሩን ሁሉ ነገርኳትና ይዣት ተመለስኩ።

በማግስቱ መምህሩ ፊት ቆምን። ቀድመው ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «የተራ አስከባሪዎቹ ዋና ችግር ምንድነው ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«የምን ተራ አስከባሪ?» አለች። «መምህር፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ማር ነው። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ራሱ ያዞረኛል።»

ወደ እኔ ዞሩ። እኔማ ጀመርኩ፤ ስለ ሰልፉ፣ በሌላው ተራ ዘሎ ስለሚጭነው፣ ዝናብ ሲመጣ ተራው ሁሉ እንዴት እንደሚፈርስ። እጃቸውን አነሱ። «በቃ፣ በቃ! ያንቺ መሆኑ ገብቶኛል።» ደስታዬን ሳልጨርስ ኮምፒውተራቸውን ወደ እኛ አዞሩት። «ይሄንን ደግሞ አስረጂኝ። ሠላሳ አንድ ተማሪ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ስልክ። ማን ነው ባለስልኩ?»

ኢ-ለርኒንጉ ሁሉንም መዝግቦታል። በየትኛዋ ደቂቃ በማን ስም እንደገባሁ ሳይቀር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ተወካይ ነኝ እኮ መምህር! መሰብሰብ ሥራዬ ነው።»

«ወረቀት መሰብሰብ ሌላ ነው፣ ሠላሳ ሰው መሆን ሌላ ነው» አሉ። ሊስቁ ፈልገው እንደያዙት ከንፈራቸው ላይ አይቻለሁ።

ዜሮዬን አነሱልኝ፤ ለፓስወርዶቹ ቅጣት አምስት ማርክ ቆረጡብኝ። ክፍሉ በሙሉ ፓስወርዱን እንዲቀይር አዘዙ። ለጓደኛዬ ደግሞ መግቢያውን ከፈቱላትና «በራስሽ ጣት፣ እዚሁ ፊቴ!» አሏት። ማሩን ጫነች። ስልኳ ላይ የመጫኛዋ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ሦስታችንም ስልኳ ላይ አጎንብሰን፣ መምህሩ ራሳቸው «ነይ እንጂ!» እያሉ ለመኗት። እኔ ሁለት ጊዜ ስልኩን ልነጥቅ እጄን ዘረጋሁ፣ ሁለቴም እጄን መታችኝ። ገባ።

ተመረቅን። እናቴ ቀሚሷን ለበሰች። በፎቶው ሁሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። የማሩን ውጤት ልታይ ፈልጋ።

«ስሚኝማ፣ አዲሱን ፓስወርዴን ረሳሁት። ያንቺ ደብተር ላይ የለም?»

«ደብተሩን ቀድጄዋለሁ» አልኳት። «ግቢ ድረስ በእግርሽ ነይና ጠይቂ።»