ለብቻው የሚታጠበው ማሊያ

በክለቡ ውስጥ እትዬ ሳሙና የማይላት ሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንቱም፣ ዘበኛውም፣ ኳስ የሚነፋውም ሰውዬ እንደዚያው ይጠሯታል፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። የሴቶቹን እግር ኳስ ቡድን ልብስ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠበችው እሷ ናት። የምታጥብበት ክፍል ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ነው፤ አንድ የሚንቀጠቀጥ ማሽን፣ ሦስት ሳፋ፣ አንድ በርጩማ፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ አራት የልብስ ገመድ። ለሌላ ሰው ጠባብ ነው፤ ለእሷ ግን ቤተ መንግሥቷ ነበር። ከእጇ በወጣ ልብስ ላይ እድፍ አገኘሁ ያለ ሰው ከእሷ ጋር ተጣላ ማለት ነው።

ከቡድኑ ሁሉ አንጀቷን የበላቻት አንዲት ልጅ ነበረች፤ በረኛዋ። ሌሎቹ ልጆች በላብ የራሰ ማሊያቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ወርውረው ይሮጣሉ። ይህቺ ግን ማሊያዋን አጣጥፋ በሁለት እጇ ታቀብላታለች፤ ጠዋት ጠዋትም ብቅ ብላ “እንዴት አደርሽ እትዬ፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ?” ሳትል አታልፍም። ልጅ ያልወለደች ሴት እንዲህ ሲሏት እንዴት ሆዷ አይባባ? የበረኛ ማሊያ እንደ ሌሎቹ ቀይ ሳይሆን ቢጫ ስለሆነ እትዬ ሳሙና ይሄን ሰበብ አድርጋ ለብቻው ታጥበው ጀመር። በእጇ፣ በትኩስ ውሃ ታሸዋለች፤ መጨረሻ ላይ ከቤቷ ያመጣችውን አበባ አበባ የሚል የልብስ ማለስለሻ ሦስት ክዳን ሙሉ ታፈስበታለች። ጠርሙሱ ላይ አንድ ክዳን ይበቃል የሚል ተጽፏል። ለሌላው ልጅ ይበቃ ይሆናል፤ ለእሷ ልጅ ግን አይበቃም።

ነገሩ የተበላሸው ለብቻው ማጠብ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው። በረኛዋ ሜዳ ገብታ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳትሮጥ ከላይዋ ከባድ ጠረን ይነሳ ጀመር፤ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ የከረመ ምንጣፍ ዓይነት። መጀመሪያ ልጆቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መክፈት መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መሆን ጀመረ። አሰልጣኟ ጨዋ ሴት ናትና ልጅቷን ከመናገሯ በፊት ወደ እጥበት ክፍሉ መጣች።

“እትዬ፣ የበረኛችን ማሊያ በደንብ ይታጠባል?”

እትዬ ሳሙና ክው አለች። ቢጫውን ማሊያ ከገመዱ ላይ አውርዳ አሰልጣኟ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

“አሽትቺው! አሽትቺው እንጂ! ከእኔ እጅ የወጣ ልብስ አይሸትም። ልጅቷ ራሷን ትይ።”

አሰልጣኟ አሸተተች፤ አበባ ነው። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ የልጅቷ ገላ ሆኖ ቀረ። እትዬ ሳሙና በኋላ ትንሽ ቆጨት ብሏት ነበር፤ ግን ስሟን ነክተውባታልና ቁጭቷን ዋጠችው።

በረኛዋ በቀን ሦስት ጊዜ ገላዋን መታጠብ ጀመረች። ሽንኩርት ተወች። ሐኪም ቤት ሄደች፤ “ምንም የለብሽም” ብለው ሸኟት። የባሰው ግን ሜዳ ላይ የሆነው ነው፤ ብብቷ እንዳይሸት እጇን ማንሳት ፈራች። እጇን የማታነሳ በረኛ እንግዲህ ምን ትሠራለች? በሁለት ጨዋታ አምስት ጎል ገባባት፤ አራቱ ከአናቷ በላይ አልፈው ነው።

አንድ ረቡዕ የታጠበውን ማሊያ ሳትለብሰው መልሳ አመጣችው።

“እትዬ፣ ይሄን ለምትተካኝ ልጅ ስጪልኝ። ዓርብ ከልምምድ በኋላ ለአሰልጣኟ እነግራታለሁ።”

“ምኑን ነው የምትነግሪያት?”

“ልተወው ነው። ሰው አጠገቤ መቆም ካልቻለ ምን እሠራለሁ? አንቺ እንዲህ እያጠብሽልኝ እንኳ እንደዚህ ነኝ። ገላዬ ነው እትዬ፤ አብሮኝ የተፈጠረ ነው።”

እትዬ ሳሙና ማሊያውን ተቀበለች። “ልጅቷ ራሷን ትይ” ብላ ለአሰልጣኟ የተናገረችው ትዝ አላት። ልጅቷ ስትወጣ ማሊያውን አሸተተችው፤ አሁንም አበባ። ታዲያ ጠረኑ ከየት ይመጣል? ከልጅቷ ነው ወይስ ከማሊያው? ይሄን ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ገላዋን ታጥባ መጣችና ማሊያውን ለበሰችው። የስልሳ ዓመት ሴትዮ፣ ጀርባዋ ላይ ቁጥር አንድ! ዘበኛው በመስኮቱ ሥር ካለፈ በኋላ ተመልሶ መጣ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ማን አስፈረመሽ?”

“ሂድ ወዲያ! በርህን ጠብቅ።”

“በሩንማ ቀማሽኝ እኮ!” ብሎ እየሳቀ ሄደ።

አጥባ፣ ጨምቃ፣ ሁለተኛውን ገመድ አስጥታ ሳትጨርስ ያ ጠረን መጣ። ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ብብቷን አሸተተች። እሷው ናት። ራሷን በሳሙና ፈትጋ ከመጣች ሁለት ሰዓት ያልሞላት ሴትዮ ሰው የማይቀርባት ሆናለች። መጀመሪያ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ማሊያውን አውልቃ በርጩማው ላይ ዘረጋችና ውሃ ጠብ አደረገችበት። ውሃው አልገባም፤ ዘይት የነካው ሳህን ላይ እንደፈሰሰ ተንከባሎ ወረደ። አንድ የታጠበ ቀይ ማሊያ አንስታ ጠብ ስታደርግበት ወዲያው ጠጣው። ሁለቱም ፖሊስተር ናቸው፤ የአንድ ፋብሪካ ሥራ። ከቀለማቸው በቀር የተለያዩት በአስተጣጠባቸው ብቻ ነው። ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ ያለውን የማለስለሻ ጠርሙስ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስቴ፣ ሦስት ሦስት ክዳን። ላቡ ሳይወጣ በላዩ ላይ ቅባት ስትደርብበት ኖራለች። ሳሙናው ከሥር ወዳለው ላብ አይደርስም፤ አበባው ከላይ ይሸታል፤ ልጅቷ ስትሞቅ ደግሞ የከረመው ሁሉ ይነሳል። ያጠፋችው እሷ ናት፤ ያውም ስትወዳት።

ማሊያውን ገልብጣ ቀዝቃዛ ውሃና አቸቶ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከሰዓት በኋላ የወጣው ውሃ የሚያሙለጨልጭና ነጣ ያለ ነበር። ደፋችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው። ከዚያ በትንሽ የዱቄት ሳሙና ብቻ አጥባ፣ ደጋግማ አለቅልቃ ጥላ ላይ አሰጣችው። ዓርብ ጠዋት እንደገና ለበሰችው። ዘበኛው “ዛሬም ተሰለፍሽ?” ቢላት ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች። ሦስት ገመድ ሞላች፤ ላቧ ተንቆረቆረ። የሸተተው ግን የዚያን ቀን ላብ ብቻ ነበር፤ ለቅለቅ ስታደርገው እሱም ለቆ ወጣ።

ማሊያው እስኪደርቅ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች። ዝም ብላ ብትሰጣት፣ “አይዞሽ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ሞክሪ” ብትላት፣ ጠረኑ ይጠፋል፤ ሁሉም እፎይ ይላል፤ የእትዬ ሳሙናም ስም እንደተከበረ ይቀራል። ይሄን አላሰበችም ብል ዋሸሁ። ግን ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ገላዬ ይሸታል ብላ ልትኖር ነው። ይሄን አንጀቷ አልቻለውም።

ከሰዓት በኋላ ማሊያውን ይዛ መልበሻ ክፍል ገባች። ልጆቹ ጫማቸውን ያስራሉ፤ አሰልጣኟ ቆማለች፤ በረኛዋ ከሁሉም ራቅ ብላ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

“ልጆች፣ ስሙኝማ” አለች። “ይቺ ልጅ አትሸትም፤ ሸትታም አታውቅም። የሚሸተው የእኔ እጥበት ነው። ማለስለሻ እያበዛሁ ላቡን ማሊያው ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ትናንት ብለብሰው እኔም ገማሁ። አሰልጣኟ ስትጠይቀኝ ደግሞ በልጅቷ ያሳበብኩትም እኔው ነኝ።”

በረኛዋ ተነስታ መጣችና ማሊያውን ተቀበለቻት።

“ሐኪም ቤት ስሄድ ማሊያው መሆኑን ታውቂ ነበር?”

“አላውቅም ነበር ልጄ። እስከ ትናንት አላወቅኩም።”

“በእኔ ላይ ግን ተናግረሻል።”

“አዎ፣ ተናግሬያለሁ።”

ልጅቷ ማሊያውን ለብሳ ወደ ሜዳ ወጣች። መተው የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። ወደ እጥበት ክፍሉ ግን ቅዳሜ ብቅ አላለችም፤ እሑድም፣ ሰኞም። እትዬ ሳሙና ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። ሰው ፊት ማፈሯን ረስታዋለች፤ የልጅቷ መቅረት ነው የከበዳት።

ማክሰኞ ጠዋት መጣች። ማሊያውን አላጣጠፈችውም፤ ጠቅለል አድርጋ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከቀዮቹ መሃል ወረወረችው።

“ኧረ ቢጫ ነው እኮ!” አለች እትዬ ሳሙና። “ቀለሙ ይበላሻል።”

“ይበላሽ” አለች ልጅቷ በርጩማው ላይ እየተቀመጠች። “ከእነሱ ጋር እጠቢው እትዬ። ለብቻዬ መሆን ሰልችቶኛል።”

እትዬ ሳሙና ቅርጫቱን አነሳችና ሁሉንም አንድ ላይ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።